ክቡር ምናልባትና የጎደለው ውሃ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ሥራው አልቆ፣ ሁሉም ኮቱን አንሥቶ፣ የመጨረሻው ሰው መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ከወደ ጥግ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቆይ እስቲ» የሚል። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ሰነፍም አይደለም። ብቻ የሁሉንም ሰው ጭንቀት ለብቻው እንዲሸከም የተቀጠረ ይመስለዋል። ዓለም ካሰበችበት ዘግይታ የምትደርሰው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ምክንያት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ የዚህ ታሪክ መሐንዲስም ከነሱ አንዷ ነበረች። ያ ግን የገዛ ወንድሟ በማዕበሉ ወራት የት እንደሚተኛ በእሷ ፊርማ ከመወሰኑ በፊት ነው።

እሷ በምትሠራበት ቢሮ ያሉት «ክቡር ምናልባት» ይባላሉ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ምላሱ አዳልጦት «እስቲ ደግሞ ክቡር ምናልባት ምን ይላሉ?» ብሎ አረፈው። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ምንም ሳይመስላቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ምናልባት ገና አላለቀ ይሆናል እላለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዕረጉ ጸና።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ወደ ነጭነቱ ያዘነበለ ሰው ናቸው። መነጽራቸው እንዳይወድቅ በክር የታሰረ ነው፤ ክሩ እንዳይበጠስ ደግሞ በኪሳቸው ሌላ ክር አለ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሁለት ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። ለምን ሁለት ተብለው ቢጠየቁ «አንዱ ባይዘረጋስ?» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ቀልድ የለባቸውም።

አሳንሰር ከእሳቸው ጋር መሳፈር ፈተና ነው። በሩ ላይ ቆመው ስንት ሰው እንደሚችል የተጻፈውን ያነባሉ፤ ከዚያ የተሳፈሩትን አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች ያዩና በተለይ ደልደል ያሉት ላይ ዓይናቸውን ያቆዩታል። «ምናልባት ሁላችንም አንድ ላይ ባንወጣስ?» ይላሉ በትሕትና። ደልደል ያለው ሰው ተቀይሞ ይወርዳል። እሳቸውም አብረውት ይወርዱና ብቻውን እንዳይከፋው ደረጃውን እያዋሩት ይወጣሉ።

የጸሐፊዋ ሠርግ ላይ የሆነው እስከ ዛሬ ይወራል። ክቡርነታቸው አዳራሹ እንደገቡ የአደጋ ጊዜ መውጫውን ፈልገው አጠገቡ ተቀመጡ። ይህ ባልከፋ። ቀና ሲሉ ግን ከሙሽሮቹ ራስ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ መብራት አዩ፤ በአንድ መንጠቆ ብቻ ነበር የተንጠለጠለው። ተነሥተው ወደ ሙሽራዋ አባት ሄዱ፤ እጅ ነሥተው በጆሯቸው አንሾካሾኩ። አባት ሳቁ። ቀና ብለው አዩ። ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና ኬኩ በሙዚቃ ታጅበው ወደ ግድግዳው ተዛወሩ። መብራቱ አልወደቀም፤ ዛሬም እንደተሰቀለ ነው። በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ግን ሙሽራው ወደ ላይ እያንጋጠጠ ይታያል።

ሰዎች ባሕርያቸውን ሲያዩ አንድ ትልቅ አደጋ ደርሶባቸው መሆን አለበት ይላሉ። መሐንዲሷም አንድ ጊዜ ደፍራ ጠይቃቸዋለች።

«ጋሼ፣ ድሮ የሆነ ነገር ደርሶብዎት ነው?»

«ምንም አልደረሰብኝም፣ ልጄ» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ባለቤቴም ትገረማለች። ላገባት ስጠይቃት እሺ አለችኝ፤ እኔ ግን በማግሥቱ ተመልሼ ሄጄ፣ ምናልባት ሐሳብሽን ቀይረሽ እንደሆነ ብዬ እንደገና ጠየቅኳት» አሉ።

«ታዲያ ምን አሉ?»

«እሺ ያልኩህ ትናንት ነው፤ ሦስተኛ ከመጣህ ግን እንጃ አለችኝ።»

የቢሮው ሥራ ባሕር መሥራት ነው። ነገሩ ለሰሚ ግራ ነው፤ መሐንዲሷ ለእናቷ ለማስረዳት ሞክራ ሞክራ ትታዋለች። በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ትልቅ ሳጥን ያበጃሉ። ሳጥኑ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ትናንሽ ክፍሎች ይሸነሸናል፤ የታችኞቹ ውሃ፣ የላይኞቹ አየር ናቸው። ከዚያ በአንደኛው ጫፍ ሞገድ ይነሣል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ክፍል አሁን ምን ያህል ውሃ አለብሽ፣ ወዴት እየሄደ ነው፣ ጎረቤትሽን ምን ያህል ገፋሽው እያለ ይጠይቃል። ሁሉንም ጠይቆ ሲጨርስ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ አልፋለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያዋ ይጀምራል። ሞገዱ መጥቶ ግንብ እስኪመታ በእውነተኛው ባሕር ላይ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በማሽኖቹ ክፍል ግን ቀናት ይፈጃል።

የሚሠሩትም ሰው ለሽርሽር የሚሄድበትን ባሕር አይደለም። መርከበኛ በዕድሜው አንዴ ቢያየው የሚበቃውን፣ ካየውም በኋላ ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ የማያወራውን ዓይነት ማዕበል ነው። ያንን ማዕበል በድልድይ ላይ፣ በግንብ ላይ፣ ለመርከብ መብራት በሚያሳይ ማማ ላይ ይለቁትና ምን እንደሚተርፍ ያያሉ። ማንም ሳይሞት፣ አንድ ድንጋይ ሳይነቃነቅ፣ እነሱ በወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩ ዓለም ትፈርሳለች።

እናቷ ይህን ሁሉ ሰምተው «እና ውሃ የለም?» አሏት።

«የለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያደክምሽ?»

በዚያ ዓመት ሥራው ከወደቡ መጣ። ወደቡን ከባሕሩ የሚከልል ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፤ በግንቡ ጫፍ ላይ ደግሞ በወፋፍራም ዓምዶች ላይ የተሠራ አንድ ቤት። ቤቱ የመርከብ አስገቢዎች ነው። ከሩቅ የመጣ መርከብ የወደቡን ጥልቀትና ድንጋይ አያውቅም፤ እነሱ በትንሽ ጀልባ ወጥተው፣ በገመድ መሰላል መርከቡ ላይ ይንጠላጠሉና እየመሩ ያስገቡታል። ጥሪ ሲመጣ በቶሎ እንዲወጡ የሚተኙትም እዚያው ነው። ቤቱ አርጅቷል። ወደቡ የጠየቀው አጭር ጥያቄ ነበር፤ ከባድ ማዕበል ቢመጣ ሰዎቹን ይዞ ይቆማል ወይስ አይቆምም?

የመርከብ አስገቢዎቹ አለቃ የመሐንዲሷ ታላቅ ወንድም ነው። በመስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ የእሱ ነው። ሥራው ለእሷ ሲሰጣት ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው፤ እሱም «እንግዲያው ከሌላው ሰው ይልቅ ትጠነቀቂበታለሽ» ብሎ አለፈው።

ተጠነቀቀችበትም። በቢሮው ልማድ ማንም አዲስ ሥራ ከባዶ አይጀምርም፤ ያለፈውን ሥራ ሳጥን ቀድቶ፣ ግንቡን አውጥቶ ግንብ አግብቶ፣ የባሕሩን ጥልቀት ለውጦ ይነሣል። ጊዜ ይቆጥባል። እሷም እንደዚያው አደረገች። ግንቡን ሣለች፣ ዓምዶቹን ሣለች፤ ቤቱን ግን አልሣለችም። ቤቱ የትኛውም ሞገድ ከሚደርስበት በላይ ስለሆነ ክብደቱን ብቻ ዓምዶቹ ላይ ጫነችው። ይህም ልማድ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን፣ የክፉ ክፉውን ማዕበል ለቀቀችበት። ዓምዶቹ ንቅንቅ አላሉም።

የማዕበሉ ወራት እየቀረበ ስለነበር ስብሰባው የተጠራው በጥድፊያ ነው። እሷ ሥዕሎቹን እያሳየች አስረዳች፤ ሥራ አስኪያጁ በደስታ እጁን አፋተገ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ከወደ ጥግ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ውሃውን ደምረሽዋል?» አሉ ክቡርነታቸው።

«የቱን ውሃ?»

«መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን፣ በመጨረሻ የተገኘውንም። ምናልባት ጎድሎ ቢሆንስ?»

«በባልዲ እንጨምርበታለን» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሳቅ ሆነ።

«ጋሼ፣ ባሕር እኮ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ባሕር ይጎድላል እንዴ?»

«የእግዜሩ አይጎድልም» አሉ። «እኔን የሚያሳስበኝ የኛው ነው።»

ደሟ ፈላ። ይህን ጥያቄ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሲጠይቁ ሰምታቸዋለች፤ በተደመረ ቁጥር ልክ ሆኖ ይገኛል፤ እሳቸውም «ጥሩ» ብለው ይቀመጣሉ። ሳምንታት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የደከመችበት ሥራ፣ የወንድሟ ቤት ጉዳይ፣ በአንድ ሰው አመል ሊንጠለጠል ነው። አፋቸውን ለማስያዝ ብላ ከስብሰባው እንደወጣች ውሃውን ደመረችው።

ጎድሏል።

ትንሽ መጉደል ያለ ነው፤ ኮምፒውተርም እንደ ሰው ሲቆጥር ያንጠባጥባል። ይኼኛው ግን ሲንጠባጠብ የኖረ አልነበረም። ሞገዱ እስኪመጣ ውሃው ልክ ነበር። ሞገዱ ግንቡን በመታበት ቅጽበት አንድ ትልቅ ነገር ባንዴ ጠፋ። ደግማ ደመረችው፤ ያው ነው። ተነሥታ ወደ ክቡርነታቸው ሄደች።

«ጎድሏል፣ ጋሼ።»

አላልኩሽም ወይ እስኪሏት ጠበቀች። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ እሷም ብትሆን ትለው ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«የት ሄደ?» አሉ በቀስታ።

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፉ አብረው አዩ። ሞገዱ መጣ። ግንቡን መታ። መሄጃ ያጣው ውሃ በዓምዶቹ መካከል ወደ ላይ ተወረወረ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ የሥዕሉ ጫፍ ደረሰ። በሚቀጥለው ሥዕል ላይ የለም።

«ከዚህ በላይ ምንድን ነው ያለው?»

«ከዚህ በላይማ ሥዕሉ ያልቃል።»

«ሥዕሉ ነው የሚያልቀው ወይስ ሳጥኑ?»

ያለቀው ሳጥኑ ነበር። የቀዳችው ሳጥን የተበጀው ከላዩ ምንም ለሌለው ባዶ ግንብ ነው፤ ጣሪያው ክፍት ነው፤ ከጣሪያው ያለፈ ውሃ ወደ ሰማይ ወጣ ተብሎ ይተዋል፤ ማንም አይጠይቀውም። ለባዶ ግንብ ይህ በቂ ነበር። እዚህ ግን ከሳጥኑ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ወለል አለ። ወለሉ ላይ አልጋዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ቤቱ አልተነካም ያለው ቤት መኖሩን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። የወንድሟ አልጋ ከዓለም ውጭ ነበር የተዘረጋው።

«ይህን ሳጥን ያበጀሁት እኔ ነኝ» አሉ ክቡር ምናልባት። «ያኔ ቤት አልነበረበትም።»

ከዚያ ተነሥተው አብረው ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ራሱን ያዘ። ወደቡ በየቀኑ እየደወለ መልስ ይጠብቃል።

«ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ባሕራችን ውስጥ ውሃ ጠፋብን ልበል?»

«ልክ እንደዚያ በል» አሉ ክቡርነታቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አሁን እንኳ አይቀልዱ።»

«እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረ። ዓምዶቹ እንደሚቆሙ ተረጋግጧል፤ ለጊዜው የዓምዶቹን ብቻ ፈርማ ትስጥ፣ የወለሉን በኋላ ቀስ ብለው ያዩታል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን ወደቡ ያን ወረቀት ሲያይ «ይቆማል» ብሎ እንደሚያነበው፣ ወንድሟም በመስኮቱ አጠገብ ጋደም እንደሚል ታውቃለች።

«አልፈርምም» አለች።

የሳጥኑን ጣሪያ ከፍ አደረጉት። ቤቱን ከነወለሉ ሣሉት፤ መስኮቱን ሳይቀር። ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ እሳቸው በቀን ስንት ጊዜ እየመጡ የማሽኖቹ ክፍል እንዳይሞቅ በሩን ገፋ አድርገው ያዩ ነበር። ሲያልቅ አብረው ተቀምጠው አዩት። በተራ ማዕበል ምንም የለም። በከባዱም ቢሆን፣ ባሕር በቀን ውስጥ እየሞላ እየሸሸ ስለሚውል፣ ሸሽቶ ባለበት ሰዓት ከሆነ ውሃው ወለሉ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ከመጣ ግን ከግንቡ የተወረወረው ውሃ ወለሉን ከሥሩ ይመታዋል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ወደ ታች እንዳይሰምጥ በደንብ አስበዋል፤ ወደ ላይ እንዳይነሣ ግን ያሰበ አልነበረም። የፈላ ድስት ክዳኑን እንደሚያነሣው ያነሣዋል።

እሷ ጻፈች፣ እሳቸው አነበቡ፣ ሥራ አስኪያጁ ላከው። ወለሉ ከዓምዶቹ ጋር በብረት እስኪታሰር ድረስ መርከብ አስገቢዎቹ በማዕበሉ ወራት እዚያ እንዳይተኙ ወደቡ ወሰነ። ማደሪያ የሆናቸው ከመርከብ ማራገፊያው ጀርባ ያለ አንድ መጋዘን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጀልባው ጋ ለመድረስ የግንቡን ርዝመት በዝናብ መሮጥ ነበረባቸው።

ወንድሟ የደወለው በዚያው ቀን ነው።

«አንቺ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ ከቤቴ አስወጣሽኝ?»

«ጨዋታ አይደለም። ወለሉ…»

«እዚያ ወለል ላይ ስተኛ ስንት ዓመቴ ነው! ማዕበል አይቼ የማላውቅ መሰለሽ? ልጆቹ እኮ አለቃችንን እህቱ በጊዜ ግባ አለችው እያሉ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ።»

«ለመሆኑ ይህን ያስጀመሩሽ እኚያ ሁልጊዜ የምታሚያቸው ሰውዬ ናቸው?»

«ናቸው» አለች። ለዓመታት ቤት በገባች ቁጥር በክቡር ምናልባት ስታስቀው ኖራለች፤ አሳንሰሩን፣ ሠርጉን፣ ጃንጥላዎቹን በድምፃቸው እያስመሰለች አውርታለታለች። እሱም ቀልዱ በእሱ ላይ የመጣበት መስሎት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልደወለም። እሷ ስትደውልም ሥራ ላይ ነኝ ይላል።

ማዕበሉ መጣ። የወደቡ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን መቼ እንዳዩ እስኪጠፋቸው ድረስ ከባድ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ወሬው ቀድሟታል። ቤቱ ቆሟል። አንድ መስታወት አልተሰበረም። ከኋላ ያ የባልዲው ድምፅ «ክቡር ምናልባት ተሸነፉ» ሲል ሰማች። ሥራ አስኪያጁ ከወደቡ ጋር በስልክ እያወራ «አዎ፣ ገብቶናል፣ አዎ» ይላል፤ ላቡን ይጠርጋል። ክቡርነታቸው ገና አልገቡም ነበር፤ በማዕበል ማግሥት አውቶቡስ አይታመንም ብለው በእግራቸው ነው የሚመጡት።

ገብተው ኮታቸውን ሰቅለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ነው። ቦት ጫማው ጭቃ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ አልተቀየረም። ሰላም ሳይል ክፍሉን ዞሮ አየና ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ክቡር ምናልባት የሚባሉት የትኛው ናቸው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ከቅጽል ስማቸው ሌላ አያውቅላቸውም፤ ሌላ ነግራው አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አሉ እሳቸው ዞር ብለው።

«ቤቱ ቆሟል» አለ ወንድሟ። ቃሉን ይዞት የመጣ ይመስላል፤ በመንገድ ሁሉ ሲለማመደው የመጣ። «እኛ መጋዘን ወለል ላይ ወገባችን ሲቆረጥ፣ ቤቱ ዝም ብሎ ቆሟል። ይኼንኑ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«አንተ ወንድሟ ነህ?»

«ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከጭቃማው ጫማው ጀምረው እስከ ራሱ ቀስ ብለው አዩት፤ የጎደለ ነገር እንዳለ እንደሚፈትሽ ሰው። ከዚያ ሄደው አቀፉት። ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ግዙፉን ሰውዬ አንገቱን ይዘው «እሰይ» ይላሉ። «እሰይ የኔ ልጅ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እሰይ፣ እንኳን ተሳሳትኩ።» እየሳቁ ነበር። በዚያ ቢሮ ውስጥ ጥርሳቸውን ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ለመጥረግም አልሞከሩም።

መሐንዲሷ ይህን ሁሉ ዓመት ሰውየው ትክክል ሆነው ለመገኘት የሚጨቃጨቁ መስሏት ኖራለች። ለካ በጠየቁት ጥያቄ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትክክል ለመሆን ተመኝተው አያውቁም። ሌላው ሰው ሲሳሳት የሚያፍረውን ያህል እሳቸው ሲሳሳቱ ዕዳ እንደተሰረዘላቸው ይሆናሉ። ስንት ጊዜ በድምፃቸው እንደቀለደች ታሰባትና ወዴት እንደምታይ ጠፋት። ወደደቻቸው፤ ሌላ የሚባል የለውም።

ባሕሩ ማዕበሉ ሲበረታ ሸሽቶ እንደነበር ታውቃለች፤ ጠዋት መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ለወንድሟም ለባልዲውም ሰውዬ ለመናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው በእጃቸው ምልክት «ተይው» አሏት። ወንድሟ ግን እቅፋቸው ውስጥ እንዳለ መናገር ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ ሲገባ እንደነበረው አልነበረም።

«ባሕሩ ሸሽቶ ነበር» አለ።

የባልዲው ሰውዬ ቀና ብሎ አየው።

«ከመጋዘኑ መስኮት ሆኜ አይቻለሁ። ባሕሩ ሸሽቶ እንኳ ውሃው በግንቡ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ሞልቶ ቢሆን…» አለና ተወው። ክንዳቸውን ለቀቀ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ብረቱ እስኪታሰር እዚያው መጋዘን ነን። ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። የመጣሁት ልሳደብ ነበር፤ እንጃ፣ በራሴው ላይ ነው የተናደድኩት መሰለኝ። ደንግጬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ «አዎ፣ መርከብ አስገቢዎቹም ተስማምተዋል» ማለት ጀመረ። የባልዲው ሰውዬ ሥራ ያለበት መሰለ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን በመሐረብ ጠርገው አጠለቁ፤ ክሩን አስተካከሉ፤ ፊታቸውም ወደ ቀድሞው ሐሳብ ተመለሰ።

«መጋዘኑ» አሉ። «ጣሪያው ምንድን ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ቃተተ። ወንድሟ ግን አልቃተተም። ወንበር ሳበ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አነሣ።

«ቆርቆሮ ነው፣ አባቴ» አለ። «ይምጡ፣ ልሣልልዎት።»